ዘርዐ ያዕቆብና የዋሻው ጸሎት

በዚህ እትማችን ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሕይወት ልናካፍላችሁ ወደናል። ለዚህ ምክንያት የሆነችን ዓርብ ማታ በምናደርገው ውይይት ላይ ከጥያቄ ሣጥናችን የወጣች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። ጥያቄዋ አጭር ነበረች። ፈጣሪ አእምሮን ከሰጠን፣ በአእምሮም እርሱን ማወቅ ከተቻለን፣ መጽሐፍ ቅዱስና ቤተ ክርስቲያን፣ ሰባኪስ ለምን ያስፈልጉናል የምትል ነበረች። ከሥርዋ ዘርዐ ያዕቆብን አንብቡ ተብሎ ተጽፎባታል። የጠያቂው ስም የለም።

በዚያ ምሽት የሰጠነው መልስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መልስ አልነበረም። አንዳንዶቻችን እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለወጣት አይበጅም አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ሳናነበው ብዙ ተናገርንበት። በሚቀጥለው ዓርብ ከወንበሮቹ አንዱ ባዶ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ባዶ ነው። ስለዚህ ከዝግጅት ክፍላችን ሦስታችን ሆነን መጽሐፉን በአማርኛ ትርጉሙ እየተቀባበልን አነበብነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው ያገኘነውን ነው።

በመጀመሪያ ስሙ እንዳያሳስታችሁ። ዘርዐ ያዕቆብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከ1434 እስከ 1468 ድረስ የነገሡትን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ነው። የእኛ ሰው ከእርሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ፣ ዙፋንም ሠራዊትም ያልነበረው የቆሎ ተማሪ ነው። ሐተታ የሚባለው መጽሐፉ እንደሚነግረን፣ የተወለደው ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. በአክሱም አካባቢ ከአንድ ድኻ ገበሬ ቤት ነው። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 1599 መሆኑ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ሌሎች ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ሰጥተናል። ዘርዐ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ሲሆን ሰው የሚጠራው ወርቄ እያለ ነበር።

አባቱ ድኻ ቢሆንም ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሰደደው። ዳዊት ደገመ። ከዚያም ወደ ዜማ ቤት ገባ፤ ነገር ግን ድምፁ ሻካራ ነበርና ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ብዙም ሳይቆይ ትቶት ወጣ። (በእኛ መዘምራን መካከልም ቦታቸውን የሳቱ ፈላስፎች ሳይኖሩ አይቀሩም።) ወደ ቅኔና ወደ ሰዋስው ሲዞር ግን ልቡ በራለት። በዚህ ዘመኑ አንድ ቀን ገደል ገብቶ አንዳች ሳይጎዳ ተነሣ፤ ይህንንም ከእግዚአብሔር ማዳን ቆጥሮት ሲያመሰግን ኖረ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ፤ የአገሩ ሊቃውንት እንዴት እንደሚተረጕሙ፣ በዚያን ጊዜ ፈረንጆች የተባሉት የካቶሊክ መምህራንም እንዴት እንደሚተረጕሙ ሁለቱንም አወቀ። ወደ አክሱም ተመልሶም አራት ዓመት አስተማረ።

እነዚያ ዓመታት ለአስተማሪ ክፉ ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በግልጽ አስታወቁ። በ1625 ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ከአውሮፓ መጡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ፓፓ የመታዘዝ ቃል ገቡ። ቀሳውስቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ ታዘዘ። ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ፤ በእግዚአብሔር ስም ብዙ ደም ፈሰሰ። ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ መካከል ሆኖ የሚያስተምረው እንዲህ ነበር። ፈረንጆች ይህን ቃል እንዲህ ይተረጕሙታል፣ የእኛዎቹ ደግሞ እንዲህ ይተረጕሙታል ይልና ዝም ይላል። ይህ ሐቅ ነው፣ ያኛው ሐሰት ነው አይልም። እናንተ በጎ ብትሆኑና ብትመረምሩ ሁለቱም ይሰምራል የሚል መንፈስ ነበረው። እንዲህ ያለ ሰው በሰላም ዘመን ሊቅ ይባላል፤ በጦርነት ዘመን ግን የሁለቱም ወገን ጠላት ነው። ሁለቱም ጠሉት።

በመጨረሻም ወልደ ዮሐንስ የሚባል፣ በንጉሡ ዘንድ የሚወደድ የአክሱም ካህን ከሰሰው። ሕዝቡን በፈረንጆች ላይ ያስነሣል ብሎ አሳበቀበት። ዘርዐ ያዕቆብ ሞቱን ስላወቀ በሌሊት ተነሥቶ ሸሸ። የያዘውም ሦስት ወቄት ወርቅና የሚጸልይበት መዝሙረ ዳዊት ነበር። ከነበሩት መጻሕፍት መካከል የመረጠው እርሱን መሆኑን ልብ እንበል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ሸዋ ሊሄድ አስቦ ተከዜን እንደ ተሻገረ ሰው የማይኖርበት ሸለቆ አገኘ። በሸለቆውም ሥር አንድ ዋሻ ነበረ። አውሬ እንዳይገባበት በድንጋይና በእሾህ አጠረው፤ አልፎ አልፎም ወደ መንደርና ወደ ገበያ እየወጣ ምግቡን እየለመነ ሁለት ዓመት ኖረበት። ሰዎች መነኩሴ መሰላቸው። ከሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ካወቀው ይልቅ በዚያ ዋሻ ብቻውን ሆኖ ያወቀው እንደሚበልጥ ሐተታው ይመሰክራል።

በዋሻው ውስጥ የተነሣበት የመጀመሪያው ጥያቄ የተሳደደ ሰው ጥያቄ ነበር። ሰዎች በእግዚአብሔር ስም እርስ በርሳቸው ሲተላለቁ እያየ፣ እግዚአብሔር የሚያይና የሚሰማ ከሆነ ስለ ምን ዝም ይላል ብሎ ተጨነቀ። ቀን ከሌሊት የሚጸልየውስ ወደ ማን ነው? የሚሰማው ባይኖርስ? ከእኛ መካከል በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ወይም በመከራ ሌሊት ይህን ያልጠየቀ ካለ እድለኛ ነው።

እዚህ ላይ ዳዊቱ ረዳው። በግእዙ ቍጥር በ93ኛው መዝሙር ውስጥ ጆሮን ስለ ፈጠረው አምላክ የተነገረውን አሰበ። ከዚያም አእምሮውን አሠራ። እኔ የምሰማበት ጆሮና የማስብበት ልብ አለኝ፤ ከየት አመጣሁት? ራሴን አልፈጠርኩም። ወላጆቼ ወለዱኝ፤ እነርሱንም ወላጆቻቸው ወለዷቸው፤ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ወላጅ የሌላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዘንድ ይደርሳል። እነርሱን ማን ፈጠረ? ያልተፈጠረ፣ ለሁሉ ምንጭ የሆነ አንድ ፈጣሪ መኖር አለበት። የሚያስብ ፍጥረት የፈጠረ እርሱ ራሱ የማያስብ አይሆንም፤ የሚሰማ ፍጥረት የፈጠረ እርሱ ራሱ ደንቆሮ አይሆንም። ስለዚህ አለ፤ ይሰማልም። ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ደስ አለውና እንደ ገና ጸሎቱን ቀጠለ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አለፈ፤ ይኸውም በመጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ወይ የሚለው ነው። ፈረንጁን ብጠይቅ የራሱን ይነግረኛል፤ የአገሬን ሊቅ ብጠይቅም የራሱን ይነግረኛል፤ እስላሙንና አይሁዱንም ብጠይቅ እንዲሁ ነው፤ ታዲያ በመካከላቸው ፈራጁ ማን ነው አለ። ሰው ሁሉ ከአባቶቹ የሰማውን ይዞ እንደሚኖር፣ መመርመር ድካም ስላለበትም ብዙዎች እንደሚተዉት ተመለከተ። ለዚህ ያገኘው መለኪያ እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ያስቀመጠው የአእምሮ ብርሃን ነው። ከፈጣሪ ጥበብና ከፍጥረት ሥርዓት ጋር የሚስማማው ሕግ ከእግዚአብሔር ነው፤ የማይስማማው ከሰው ነው።

በዚህ መለኪያ ማንንም አልማረም። በሙሴ ሕግ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ርኵስት መባልዋን ነቀፈ፤ ልጅ እንዲወለድ ፈጣሪ የሠራው ነገር እንዴት ርኵሰት ይሆናል በሚል ነው። ምንኵስናንና ጾምን ከፍጥረት ሥርዓት ጋር አይስማሙም አለ። በእስልምና የብዙ ሚስት ጋብቻን ተቃወመ፤ ወንድና ሴት በቍጥር እኩል ሆነው ስለሚወለዱ አንዱ አሥር ቢያገባ ዘጠኙ ያለ ሚስት ይቀራሉና። ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትና መሸጥንም ሰዎችን ሁሉ እኩል አድርጎ የፈጠረውን አምላክ መካድ አድርጎ ቈጠረው። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ግን አእምሮ ሁሉ የሚመሰክርለት ሕግ ነው ብሎ ተቀበለ።

እንግዲህ ወረቀቷን የጻፈው ወንድማችን ወይም እህታችን ያነበቡት ይህን ነው። በትምህርት ዓለም እንዲህ ያለው አሳብ ዴይዝም ይባላል። ዴይዝም ማለት ፈጣሪ መኖሩን በአእምሮ አምኖ፣ መገለጥን፣ ተአምራትንና የተጻፈ ቃልን ግን አለመቀበል ወይም እንደማያስፈልጉ መቍጠር ነው። በእንግሊዝ አገር የዚህ አሳብ አባት የሚባለው የቸርበሪው ኸርበርት መጽሐፉን ያሳተመው በ1624 ነው፤ በእኛ አገር ሱስንዮስና መኳንንታቸው ስለ ሃይማኖት በሚዋጉበት ዘመን መሆኑ ነው። በአውሮፓም ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ለ30 ዓመት የተላለቁበት ጦርነት ያን ጊዜ ይካሄድ ነበር። ስለዚህ ዴይዝም በምቾት የተወለደ አሳብ ነው ብለን አንፍረድበት። ሃይማኖተኞች ደም ሲያፋስሱ ያዩ ሰዎች ሁሉም የሚስማማበትን ጥቂት ነገር ፍለጋ የወጡበት መንገድ ነው። ይህን ለማሰብ በእኛ ዘመንና በእኛ አውራጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በኋላ ግን አሳቡ ቀዘቀዘ። ዓለም እንደ ሰዓት፣ ፈጣሪም ሰዓቱን ሠርቶ እንደ ተወው ባለሙያ ተቈጠረ። የአሜሪካው ቶማስ ጄፈርሰን በ1820 ገደማ ወንጌላቱን በስለት እየቈረጠ የኢየሱስን ትምህርት ብቻ አስቀርቶ ተአምራቱንና ትንሣኤውን አወጣ፤ መጽሐፉ የሚያበቃው ድንጋዩ በመቃብሩ ላይ ሲገጠም ነው። ሰዓት ወደ ሠሪው አይጸልይም፤ ሠሪውም ሰዓቱን አይሰማም።

ዘርዐ ያዕቆብ ከእነዚህ ጋር አብሮ ይቈጠራል ወይ? ሦስታችን በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። መጽሐፉን ስታነቡ ከመከራከሪያው ይልቅ ጸሎቱ ይበዛል። ዕለት ዕለት በዳዊቱ ይጸልያል። ከጠላቶቹ እጅ ያስመለጠው፣ ገደል ሲገባ የያዘው፣ እንጀራውን የሰጠው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያምናል። ጥበብ እንዲሰጠው ይለምናል፤ ሲሰጠውም ያመሰግናል። ከሰዓት ሠሪው አምላክ ጋር እንዲህ ያለ ንግግር የለም። በመከራከሪያው የደረሰበት አምላክ ፈጣሪ ነው፤ በጸሎቱ የሚያነጋግረው አምላክ ግን አባት ነው። ይህንን ሁለተኛውን ከየት አገኘው ብለን ጠየቅን። ለእኛ እንደሚመስለን ከዚያች በሌሊት ከያዛት መጽሐፍ ነው። አእምሮው ብቻውን ዋሻ ገባ ቢልም ዳዊት አብሮት ገብቷል። የሚጸልይባቸው ቃላት ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች በመከራቸው ጊዜ የጸለዩባቸው፣ ካህናትና ደብተራዎች ጠብቀው ያቈዩአቸው፣ የየኔታም አለንጋ ያስጠናው ናቸው።

ከመካከላችን አንዱ ግን በዚህ አልተስማማም። ያለ ዳዊትም ቢሆን የተቸገረ ሰው ይጸልያል፤ ዘርዐ ያዕቆብ መዝሙሩን የወደደው አእምሮው አስቀድሞ ስለ መሰከረለት ነው ይላል። አሳቡን አልለወጠም፤ እኛም እንዲጻፍለት ቃል ገብተንለታል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1632 ሱስንዮስ የካቶሊክን ነገር ትተው ለሕዝቡ የቀደመውን እምነት መለሱ፤ በዚያው ዓመትም ሞቱና ልጃቸው ፋሲለደስ ነገሡ። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ ብዙ ተዘዋወረና እንፍራዝ ደረሰ። በዚያም ሀብቱ የሚባል ባለጠጋ ተቀበለው። መጻሕፍትን በእጁ እየጻፈ፣ የሀብቱንም ልጆች እያስተማረ ይኖር ጀመር። ከተማሪዎቹ አንዱ ወልደ ሕይወት ነው፤ ኋላ መምህሩን አሳቡን እንዲጽፍ የለመነውም እርሱ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ከተደረገው ሁሉ እኛን የነካን የኂሩት ነገር ነው። ኂሩት በሀብቱ ቤት አገልጋይ ነበረች። መልከ መልካም አልነበረችም፤ ነገር ግን ጠባይዋ የተመሰገነ፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ ሊያገባት ጌታውን ጠየቀ። ሀብቱም ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ገረድ ትሁን ብሎ በቸርነት ሰጠው። እርሱ ግን ገረድ አልፈልግም፣ ሚስት ነው የምፈልገው አለ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና አገልጋይ ሊባሉ አይገባም ብሎ። እርስዋንም ፈቃዷን ጠየቃት። ተጋቡ፤ ወንድ ልጅም ወለዱ። ይህን ያነበቡ የሴቶች ክፍላችን አባላት፣ አእምሮ እዚህ ያደረሰው ሰው ስለሆነ የቀረውን ይቅር ብለነዋል ብለውናል። ቀልድ ቢመስልም ነገሩ ቀላል አይደለም። ኤፌሶን 5ን እያነበብን ያደግን ወንዶች በቤታችን እንዴት እንደምንኖር ይታወቃል።

አንድ ያልወደድንለት ነገር አለ። ዘርዐ ያዕቆብ በሰው ፊት እንደ ክርስቲያን እየታየ በልቡ ግን የፈጣሪን ብቻ እምነት ይዞ መኖሩን ራሱ ይናገራል። ሰዎች መታለልን ስለሚወዱ እውነቱን ብነግራቸው ከስድብና ከስደት በቀር ጥቅም የለውም አለ። ስደትን የቀመሰ ሰው ይህን ቢል አንፈርድበትም። ሐተታውን የጻፈውም በ1667 በስልሳ ስምንት ዓመት ዕድሜው ሲሆን፣ ያም ከሞቱ በኋላ ለሚመጡት እንዲሆን ነበር። በእንፍራዝ ጎረቤቶቹ መካከል ግን ስለ ባሪያ ንግድ ያለውን አሳብ የሰማ ሰው ስለ መኖሩ መጽሐፉ አይነግረንም። አእምሮ እውነቱን ማየት ይችላል፤ ስለ እውነቱ የሚያስጮኸው ግን ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ጄፈርሰንም ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጠሩ ብሎ እየጻፈ በዕድሜው ከ600 በላይ ባሮች ነበሩት። ይህን ስንል መጽሐፍ ቅዱስን በእጃቸው ይዘው ሰው የሸጡ ክርስቲያኖችም ብዙ እንደ ነበሩ አንዘነጋም።

አሁን ደግሞ ሳንነግራችሁ ብናልፍ በደል የሚሆንብን ነገር አለ። ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ሕይወት የምናውቀው ሁሉ ከራሱ ከሐተታውና ወልደ ሕይወት ከጨመረው ማስታወሻ የተገኘ ነው። መጽሐፉን ለዓለም ያሳወቀው በቤጌምድር ይኖር የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካፑቺን መነኩሴ ሲሆን፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ አገር ላለው ለአንትዋን ዳባዲ ላከለት። ጽሑፎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ኤኖ ሊትማን በ1904 አሳተማቸው። በ1920 ግን ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ ተነሥቶ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ፈላስፋ አልነበረም፣ መጽሐፉን የደረሰው ጁስቶ ራሱ ነው አለ። የመነኩሴው የመጀመሪያ ስም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ መሆኑን፣ የልደቱም ቀን ከፈላስፋው ልደት ጋር መቀራረቡን ከማስረጃዎቹ ቈጠረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ለእኛ ለወለጋ ልጆች በዚህ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ጁስቶ ወደ አገራችን የመጣው ለኦሮሞ ሕዝብ እንዲሰብኩ ከተላኩት ከአቡነ ማስያስ፣ በአገራቸው ስም ከጉልየልሞ ማሳያ ጋር ነበር። ማሳያ በ1852 ዓባይን ተሻግረው አሰንዳቦ ደረሱ፤ ይህም ዛሬ ከነቀምቴ በሻምቡ በኩል የምንሄድበት የጉድሩ አገር ነው። ጁስቶ ግን ወደዚህ አልተሻገረም። በቤጌምድር ግእዝ ሲያጠና ቈይቶ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ኮንቲ ሮሲኒ እውነተኛ ከሆነ፣ ጓደኞቹ ጉድሩ ገብተው ሲያስተምሩ እርሱ በብቸኝነት ተቀምጦ የራሱን ጥርጣሬ በኢትዮጵያዊ ስም ይጽፍ ነበር ማለት ነው። እኛ ለመፍረድ እውቀቱ የለንም። ከሦስታችን ሁለታችን ኢትዮጵያዊ ነው እንላለን፤ የቅኔ ቤቱን ኑሮና የየኔታን ነገር እንዲህ አድርጎ የሚያውቀው ያለፈበት ሰው ነው ብለን። ጥያቄው ግን የደረሰው ማንም ቢሆን ያው ጥያቄ ነው።

ደግሞም ጥያቄው ለነቀምቴ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን በኦዳ ጥላ ሥር ቆመው ሲመርቁ የሚጠሩት ዋቃን ነበር። ሰማይንና ምድርን የፈጠረ፣ አንድ የሆነ፣ በምስል የማይቀረጽ አምላክ መኖሩን ለማወቅ ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ሰው አልጠበቁም። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ከፍጥረት ስለሚታወቀው አምላክ ጽፏል፤ በአቴና አደባባይም ሰሚዎቹ አስቀድመው ከሚያመልኩት ተነሥቶ ነው የሰበከው። ዘርዐ ያዕቆብ በተከዜ ዋሻ የደረሰበትን እነዚያ ሽማግሌዎች ያለ ሐተታ ደርሰውበት ነበር። በዚህ ነገር ጠያቂያችን ልክ ነው፤ በዚያ ዓርብ ማታም እንዲህ ብለን መጀመር ነበረብን።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ይህን ያውቁ ነበር። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ ተወልደው ገና ሕፃን ሳሉ ተሰርቀው ከገበያ ገበያ ተሸጡ፤ በመጨረሻ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። ሐተታው የሚቃወመውን ንግድ በገዛ ሥጋቸው ያዩት እርሳቸው ናቸው። በ1872 ሲጠመቁ የወሰዱት ስም በፊልሞና መልእክት ያለው የባሪያው ስም ነው። እንደ እርሳቸው ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርተው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በኦሮምኛ በ1899 አሳተሙ። በዚያ ትርጉም ውስጥ ለእግዚአብሔር የባዕድ ስም አላመጡም፤ ሕዝቡ የሚያውቀውን ዋቀዮን ወሰዱ። ስሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበርና። ኢየሱስ ግን በማንም ሽማግሌ ምርቃት ውስጥ አልነበረም። ፈጣሪ ባሪያ ሆኖ መጣ፣ ተሸጠ፣ ተሰቀለ የሚለውን ነገር በኦዳ ሥርም በዋሻም ተቀምጦ በማሰብ ማንም አላገኘውም። አእምሮን ስለሚቃረን አይመስለንም። የተደረገ ነገር ስለሆነ ነው፤ የተደረገን ነገር ደግሞ የሰማ ሰው መጥቶ ካልነገረን አናውቀውም። የአያትህን ስም በስሌት አታገኘውም፤ የሚነግርህ ሰው ያስፈልጋል።

ኦኔሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው። ማስተማር እንደ ጀመሩ ተከሰሱ፤ በ1906 አዲስ አበባ ድረስ ተጠርተው ቆሙ። ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቀድላቸውም መስበክ ተከለከሉ፤ ክልከላው እስኪነሣ ድረስም አሥር ዓመት ያህል ቈዩ። በዚህ ጊዜ እንደ ዘርዐ ያዕቆብ ማስተማሩን ቀጠሉ፤ እንደ እርሱ ግን እምነታቸውን አልሸሸጉም። በ1931 በዚህችው ከተማ ዐረፉ።

ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታውን ከጻፈ በኋላ 25 ዓመት ኖረ። የልጅ ልጆቹን አየ። በ1692 በ93 ዓመት ዕድሜው በፈጣሪው ላይ ተስፋ አድርጎ መሞቱን ወልደ ሕይወት ጽፎልናል። ኂሩትም በዓመቱ ሞታ በአጠገቡ ተቀበረች። ወልደ ሕይወት የራሱን ሐተታ ጻፈ፤ እርሱን ገና አላነበብነውም።

መጽሐፉን በቤተ መጻሕፍታችን ከኦኔሲሞስ ታሪክ አጠገብ አስቀምጠነዋል፤ ወረቀቷንም ከሽፋኑ ውስጥ ለጥፈናታል። ከጊምቢ፣ ከነጆና ከደምቢ ዶሎ ለትምህርት የመጣችሁም መዋስ ትችላላችሁ። የሚመጣው ዓርብ ማታ ከዋሻው ታሪክ ጀምረን አብረን እናነባለን። ያ ወንበር በቦታው ነው፤ ማንም እንዳይቀመጥበት አላልንም፣ ነገር ግን እስካሁን ማንም አልተቀመጠበትም።